ካስኬዲያን 2 ዓመት ነዳሁት፤ የናፍጣው ነገር ይኸውላችሁ

ዴንቨር ያላችሁ የሙያ ጓደኞቼ ሁሌ የምትጠይቁኝ አንድ ጥያቄ ነው። «ናፍጣ የማይበላ ትራክ የቱ ነው?» ለእያንዳንዱ ሰው በስልክ ከማስረዳ አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው።

ያለኝ የ2019 ፍሬይትላይነር ካስኬዲያ ነው። ሞተሩ ዲትሮይት ዲዲ15፣ ካምቢዮው ዲቲ12 ነው፤ ራሱ የሚቀያይር ባለ 12 ማርሽ ማለት ነው። ያገለገለ ነው የገዛሁት። ድራይ ቫን (ማቀዝቀዣ የሌለው ዝግ ሳጥን ተሳቢ) እየጎተትኩ ከዴንቨር ካንሳስ፣ ዩታ፣ ዋዮሚንግ፣ ቴክሳስ ስመላለስበት 2 ዓመት ሞላኝ።

ከሱ በፊት የነበረኝ ትራክ አፍንጫው ረጅም፣ ግንባሩ ካሬ የሆነ፣ ክሮሙ ከሩቅ የሚያብረቀርቅ ነበር። ኮምቦልቻ ነው ያደግኩት፤ ከአሰብ ጭነው የሚመጡ ባለተሳቢዎችን ቆሜ እያየሁ ስላደግኩ ግርማ ያለው መኪና ሳይ ልቤ ይሸነፋል። ግን ያ ትራክ በአንድ ጋሎን 5.8 ማይል ነበር የሚሄድልኝ። ካስኬዲያው የዓመቱ አማካይ 7.6 ነው። ቁጥሩ ሲታይ ትንሽ ይመስላል። በዓመት 100 ሺህ ማይል ለሚነዳ ሰው ግን ከ4 ሺህ ጋሎን በላይ ልዩነት ነው፤ ናፍጣ 4 ዶላር ቢሆን 16 ሺህ ዶላር። ያ የልጆቼ የቤት ኪራይ ነበር በጭስ ማውጫው ሲወጣ የከረመው።

ልዩነቱ ከየት መጣ? ትልቁ ከቅርጹ ነው። በሰዓት 65 ማይል ስትነዱ ጎማው ላይ ከሚደርሰው ጉልበት ግማሽ ያህሉ የሚያልቀው አየር በመግፋት ነው። ካሬው ግንባር አየሩን በደረቱ ይመታዋል፣ የካስኬዲያው ግን ተንሸራቶ እንዲያልፍ ተደርጎ የተሠራ ነው። ነፋሱ ምን እንደሚያደርግ ማየት የፈለገ ሰው በኢንተርስቴት 80 ላራሚ ላይ ፊት ለፊት ሲነፍስ ዳሽቦርዱን ይመልከት። እግሬን ሳልጨምር፣ መንገዱም ሜዳ ሆኖ፣ ቁጥሩ ከ7 ወደ 5 ሲወርድ በዓይኔ አይቻለሁ። በካቢኑና በተሳቢው መሀል ያለውን ክፍተትም አትናቁት። የክብደቱ ሕግ እስከፈቀደ ድረስ አምስተኛውን ጎማ (ተሳቢው የሚያያዝበትን ሳህን) ወደፊት ገፋ አድርጋችሁ ክፍተቱን አጥብቡት፤ ምንም ወጪ የለውም።

ሁለተኛው የዲፈረንሻሉ ሬሾ ነው፣ ጎማው አንዴ እንዲዞር ከካምቢዮው የሚመጣው ዘንግ ስንት ጊዜ እንደሚዞር ማለት ነው፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የድሮው 3.70 ነበር፣ ይሄኛው 2.41 ነው። ቁጥሩ ትንሽ ሲሆን ሞተሩ በዝግታ እየዞረ ያንኑ ፍጥነት ይሰጣል ማለት ነው። የድሮው በ65 ማይል 1,500 ዙር ገደማ ይዞር ነበር፣ ይሄኛው 1,300 ገደማ። ግን ቁጥሩን ብቻ ይዛችሁ አታወዳድሩ! የድሮው የመጨረሻ ማርሽ ኦቨርድራይቭ ነበር (ዘንጉን ከሞተሩ አፍጥኖ የሚያዞር)፣ የዚህኛው 12ኛ ማርሽ ዳይሬክት ነው (ከሞተሩ እኩል የሚያዞር)። ስለዚህ ሻጩን ሁለቱንም ጠይቁት፣ ሬሾውንም የመጨረሻውን ማርሽ ዓይነትም። «አላውቅም» ካላችሁ የሻንሲ ቁጥሩን ወስዳችሁ የፋብሪካውን ዝርዝር ከአከፋፋይ አስወጡ።

ይሄ ሬሾ ዳገት ላይ ዋጋ ያስከፍላል፤ ይሄን አልደብቃችሁም። በኢንተርስቴት 70 ወደ አይዘንሃወር ዋሻ ስትወጡ፣ ከ11 ሺህ ጫማ በላይ ነው፣ ሙሉ ጭነት ይዞ ቶሎ ማርሽ ይቀንሳል፤ አደጋ መብራት አብርታችሁ በቀኝ መስመር ቀስ ብላችሁ ነው። እኔ ብዙውን ጊዜ የምሠራው ሜዳ ላይ ስለሆነ አይጎዳኝም። በየቀኑ ተራራ የሚወጣ ሰው ግን ከፍ ያለ ሬሾ ይፈልግ። ኮረኮንችና ጭቃ ውስጥ ገብቶ የሚጭን ሰውም የጎን ሽፋኖቹና መከላከያው ዝቅ ያሉ መሆናቸውን ያስብበት።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ይሄን ትራክ ከመግዛቴ በፊት ሌላ ካስኬዲያ ልገዛ ነበር። ያው ዓመት፣ ያው ሞተር፣ ማይሉም ተቀራራቢ፣ ዋጋው በ6 ሺህ ዶላር ይቀንሳል። ሻጩ ዳሽቦርዱ ላይ 8.6 አሳየኝ። ደስ አለኝ፣ እጄን ልዘረጋ ነበር። መካኒኬ ግን «ቆይ፣ ኮምፒውተሩን እናንብበው» አለና ላፕቶፑን ከመሪው ሥር ሰክቶ ወረቀት አተመ። ሞተሩ ከተሠራ ጀምሮ ያለው አማካይ 6.3 ነው። ከዛ በታች ያለውን መስመር በእስክርቢቶ ከበበልኝ። አይድል 41 በመቶ። ሞተሩ ከሠራበት ሰዓት 41 በመቶውን ቆሞ ነው የነደደው። ኦዶሜትሩ ይሄንን አይቆጥርም። ሞተሩ ግን ደክሟል፣ ዲፒኤፉም (የጭስ ማጣሪያው) ጥላሸት ሲሰበስብ ኖሯል። 8.6ቱ ደግሞ የአንድ ጉዞ ቁጥር ነበር፣ ወደ ምሥራቅ የተነዳ።

ወደ ምሥራቅ ማለት ምን እንደሆነ የዴንቨር ሰው ያውቃል። ዴንቨር 5,280 ጫማ ላይ ናት፣ ሳላይና ካንሳስ 1,200 ገደማ ላይ። መንገዱ ሜዳ ይመስላል እንጂ አብዛኛው ቁልቁለት ነው። እኔም ስሄድ 8.6 አገኛለሁ፣ ስመለስ 6.9። ደርሶ መልሱን ሳትለኩ ማንንም አትመኑ።

የገዛሁት ትራክ ወረቀት 7.4 አማካይ፣ አይድል 11 በመቶ ይል ነበር። 6 ሺህ ዶላሩን ጨምሬ ወሰድኩት። ኤፒዩ (ዋናው ሞተር ጠፍቶ ካቢኑን የሚያሞቅና የሚያቀዘቅዝ ረዳት መሣሪያ) ስላለው ነው አይድሉ ያነሰው። ዋናው ሞተር ቆሞ ሲነድ በሰዓት 0.8 ጋሎን ገደማ ይበላል፤ 10 ሰዓት ዕረፍት ላይ 8 ጋሎን ነው። ኤፒዩ የሌለው ትራክ ልትገዙ ከሆነ ይሄን አስቡና ተደራደሩ።

ቮልቮ ቪኤንኤልስ? ኬንዎርዝ ቲ680ስ? ፒተርቢልት 579ስ? ሁሉም አየር እንዲያሳልፉ ተደርገው የተሠሩ ናቸው፣ ጥሩ ዝርዝር ያለው ካገኛችሁ ውሰዱ። በ2017 ራን ኦን ሌስ በተባለው ሙከራ 7 ትራኮች እውነተኛ ጭነት ጭነው በአማካይ 10.1 ማይል በጋሎን ሄደዋል። ከአርማው ይልቅ ሬሾው፣ ጎማው፣ የተሳቢው የጎን ሽፋንና የሹፌሩ እግር ናቸው ያንን ያመጡት። እኔ 63 ላይ ነው ክሩዝ የማስረው። 70 የነዳሁበት ሳምንት ከ7 በታች ወርጄ፣ ያተረፍኩት ሰዓት በቀን አንድ እንኳ አልሞላም።

የእህቴ ልጅ በዚህ ሳምንት ሁለት ትራክ ሊያይ ፎርት ዎርዝ ይሄዳል። አንዱ ካስኬዲያ ነው፣ አንዱ ቪኤንኤል። ቀለሙን ሳይሆን የኮምፒውተሩን ወረቀት ፎቶ አንስተህ ላክልኝ ብዬዋለሁ። ሲልክልኝ የሁለቱንም ቁጥር እዚሁ እጨምርላችኋለሁ።