የኦክስጅን መለኪያ ወይስ የማይክሮ አርኤንኤ ምርመራ? ብራችሁን የቱ ላይ ታውሉት

ላብራቶሪ ስለምሠራ ደብረ ብርሃን ውስጥ አንድ ሰው ጉንፋን በጠናበት ቁጥር የኔ ስልክ ይጮሃል። ዘንድሮ ደግሞ ጥያቄው ተቀይሯል፦ "በሽታው ሊከፋ መሆኑን ቀድሞ የሚናገር የደም ምርመራ አለ አሉ፣ አዲስ አበባ ስንት ነው?" ከአሥር ሰው በላይ ጠይቆኛል፣ ጽፌው ልገላገል።

እኔ የማደላው ጣት ላይ ለምትሰካዋና በደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን በመቶኛ ለምታሳየዋ የኦክስጅን መለኪያ ነው። አልደብቅም።

የምትጠይቁኝ የደም ምርመራ የሚለካት ማይክሮ አርኤንኤ ወሬ ብቻ አይደለችም። 22 የዘረመል ፊደል ገደማ ያላት ሚጢጢ የአርኤንኤ ቁራጭ ናት፣ ጂኖች ምን ያህል እንደሚሠሩ ትቆጣጠራለች። ያገኟት ቪክተር አምብሮስና ጋሪ ራቭከን እ.ኤ.አ. በ2024 ኖቤል ተሸልመውባታል። በኮቪድ ጊዜም ሚር-155ና ሚር-146ኤ የሚባሉት ዓይነቶቿ በጽኑ ሕሙማን ደም ውስጥ ብዙ ተጠንተዋል። ግን የሚጠና ነገርና የሚገዛ ነገር ለየቅል ነው። ሐኪሙ "ከዚህ ካለፈ አስተኛለሁ" የሚልበት የጋራ ቁጥር የለም። ደሙ ሲቀዳ ቀይ ሕዋስ ትንሽ ከፈረሰ ሚር-451 የሚባለው ሌላ ዓይነት ከውስጡ ይፈስና ውጤቱን ያበላሸዋል። አረንጓዴ ክዳን ባለው፣ ደም እንዳይረጋ ሄፓሪን በተጨመረበት ቱቦ ከተቀዳማ ማይክሮ አርኤንኤዋን አባዝቶ የሚለካው ፒሲአር ራሱ ይታፈናል። እዚህ ተቀድቶ 130 ኪሎ ሜትር በሚኒባስ እየተንገጫገጨ ሄዶ፣ ውጤቱ እስኪመለስ ሰውዬው ወይ ድኗል ወይ ሆስፒታል ተኝቷል። ብሩ ግን ሄዷል።

መለኪያዋም ብትሆን ጉድ አላት። የመጀመሪያዋን 900 ብር ገዛኋት፣ ሻጩ "ኦሪጅናል ናት" ብሎ ምሎልኛል። እናቴ አልጋ ላይ ሆና ትንፋሽ ሲያጥራት 98 ትላለች። ተናድጄ እርሳስ ሰካሁባት። እርሳሱም 98! በወሩ ደግሞ ባትሪው አፍስሶ ሽቦዋን በላው፣ ጠጋኙ 150 ብር ተቀብሎኝ ሳምንት ሳይሞላ እንደገና ሞተች። በድምሩ 1,050 ብር ለእርሳስ የሚሠራ ዕቃ። ሁለተኛዋን ከፋርማሲ በደረሰኝ 2,400 ብር ገዛሁ፣ ስወጣ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እስካሁን ግን ከባትሪ በስተቀር ምንም አላስወጣችኝም። ርካሹ ነው የተወደደብኝ።

አንድ ነገር ልብ በሉ፣ እኛ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነን፣ አየሩ ስስ ስለሆነ ቁጥሩ ዝቅ ይላል። ከሸዋ ሮቢት ቆላ የመጣ ዘመድ እዚያ 97 የነበረው እዚህ 93 ቢል ወዲያው አትደንግጡ። ደህና ስትሆኑ ለኩና ቁጥራችሁን ጻፉት፤ ስትታመሙ የምታወዳድሩት ከሱ ጋር ነው። ብርዳችን ጣት ያደርቃልና በጋቢ አሙቁ፣ የጥፍር ቀለም አስለቅቁ። በጥቁር ቆዳ ላይ ከእውነተኛው ከፍ አድርጋ የምታሳይበት ጊዜ አለ፣ ስለዚህ ትንፋሽ ካጠረ ቁጥሩ ጥሩ ቢሆንም ሐኪም ጋ ሂዱ። ደም መመርመር ካስፈለገ ሐኪሙ ራሱ ሲአርፒ የሚባለውን፣ በሰውነት ውስጥ ብግነት መኖሩን የሚያሳይ ምርመራ ያዝላችኋል፣ ያ እዚሁ ይሠራል።

ልትገዙ ስትሄዱ እርሳስ ኪሳችሁ ውስጥ ክተቱ። ተረጋግታ ቁጥር ከሰጠችው መልሱላቸው፣ ሻጩ ቢስቅም ይሳቅ።