ባለ 40 ዋት ኤልኢዲ ፓነል ለምግብ ቀረጻ፦ ባሕር ዳር ላይ ከወራት አገልግሎት በኋላ

ለምግብ ማስታወቂያ መብራት የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ዋት ነው?» ብሎ ነው። ዋቱ ግን የመጨረሻው ጥያቄ ቢሆን ይሻላል። ይህ ፓነል ገበያ ላይ በተለያየ ስም የሚሸጥ፣ ቀለሙ ከ3200 (ቢጫማ) እስከ 5600 ኬልቪን (እንደ ቀን ብርሃን ነጭ) የሚቀያየር፣ ከጀርባው ሁለት ኤንፒ-ኤፍ የሚባል የካሜራ ባትሪ የሚሸከም ተራ ዕቃ ነው። ሐይቁ ዳር ባሉ ዓሣ ቤቶችና ካፌዎች ክረምቱንም በጋውንም ሠርቷል፤ ቀረጻው ሁሉ በስልክ ነው። ዋጋውን ያስመለሰው ቀይ ወጥ ላይ ነው።

ካርቶኑ ላይ የሚጻፈው ሲአርአይ፣ መብራቱ ቀለምን ምን ያህል በትክክል እንደሚያሳይ የሚናገረው ቁጥር፣ የስምንት ፈዛዛ ቀለሞች አማካይ ነው። ደማቁ ቀይ፣ አር9 የሚባለው፣ አማካዩ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ ከ80 በላይ የተጻፈበት አምፖል በርበሬን ቡናማ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል፤ አሁን የወጣው ወጥ የትናንት ይመስላል። ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ማንኪያ በርበሬ ነጭ ሳህን ላይ አድርጉ፤ አንዴ በቀን ብርሃን ጥላ ሥር፣ አንዴ በመብራቱ 5600 ላይ አንሱት። ዋይት ባላንሱን (ስልኩ ነጭን ነጭ አድርጎ እንዲያይ የሚያደርገውን ማስተካከያ) ሁለቱንም ጊዜ ከሳህኑ ነጭ ላይ ውሰዱ። በመብራቱ ያነሳችሁት ከደበዘዘ ሌላ ዕቃ ፈልጉ። ይህኛው በደንብ አልፏል።

ፓነሉ ብቻውን ግን ለምግብ አይሆንም። ስፋቱ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ ብርሃኑ ይጠነክራል፤ የተጠበሰ ቆሮሶ ዓሣ ላይ ያለው ዘይት ሁሉ ነጭ ነጠብጣብ እየሆነ ቆዳው ይጠፋል። አብሮት የሚሸጠው ነጭ ፕላስቲክም ብዙ አይረዳም፤ ብርሃኑን የሚያለሰልሰው የምንጩ ስፋት ነውና። በ1 ሜትር በ70 ሴንቲ ሜትር የእንጨት ፍሬም ላይ የተወጠረ ነጠላ ከብዙ ሶፍትቦክስ (ብርሃን ማለስለሻ የጨርቅ ሳጥን) ይበልጣል። ጥበቡ ከፍሬሙ ውጭ ይታጠፍ፤ አለዚያ አረንጓዴው ወይም ሰማያዊው እንጀራው ላይ ይወርዳል። አርጅቶ ቢጫ ያለ ነጠላም አይሁን። ፓነሉን ከነጠላው 40 ሴንቲ ሜትር፣ ነጠላውን ከሳህኑ ሌላ 40 አርቁት። ጨርቁ የብርሃኑን ግማሽ ገደማ ይበላል፤ 40 ዋቱ ዋጋ የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው።

አቀማመጡ እንደ ምግቡ ይለያያል። ለዓሣ መብራቱ ከሳህኑ በስተኋላ፣ ትንሽ ወደ ግራ ይሁን፤ ስልኩ ከፊት በ30 ዲግሪ ገደማ፣ በቀኝ በኩል ደግሞ ነጭ ካርቶን ይቁም። ከፊት የመጣ ብርሃን የጥብሱን ቅርፊት ጠፍጣፋ ያደርገዋል። በያይነቱ ከላይ ነው የሚነሳው፤ ነገር ግን መብራቱ ከላይ አይምጣ። ከገበታው 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ብሎ ከጎን ሲገባ እያንዳንዱ የእንጀራ ዓይን አንድ ጠርዙ ይበራል፣ ሌላው ጥላ ይይዛል፤ ከላይ ከበራ ግን እንጀራው ወረቀት ነው። ጠርዙ ቶሎ ስለሚደርቅና ስለሚጠቀለል ብርሃኑን በሌላ ቁራሽ አስተካክላችሁ ስትጨርሱ ዋናውን ዘርጉ፤ ወጡ የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሽሮ በሸክላ ከሆነ እየተንተከተከ ሳለ ቅረጹት፤ ከቀዘቀዘ ላዩ ይቆዳል፣ ቢማሰልም ያስታውቃል። የቡና እንፋሎት ደግሞ ጀርባው ጨለማ ሆኖ መብራቱ ከኋላ ካልመጣ በስልክ አይታይም።

ለቪዲዮ፦ የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ የጣሪያው አምፖል በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል። ስልኩ በሰከንድ 30 ፍሬም (ምስል) ከቀረጸ ምስሉ ላይ መስመር ይሄዳል፤ ወደ 25 ፍሬም ቀይሩት፣ ሹተሩን (እያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ) 1/50 ሰከንድ አድርጉት። ከተቻለ የጣሪያውን አጥፉት፤ ቢጫው ከፓነሉ 5600 ጋር ተቀላቅሎ የሳህኑን ግማሽ ያበላሻል። ሎሚ ዓሣው ላይ ሲጨመቅ በዝግታ ለማሳየት 120 ፍሬምና 1/250 ያስፈልጋል፤ ከ1/50 አንጻር የሚገባው ብርሃን አንድ አምስተኛ ነው፣ ስለዚህ ፓነሉ ሙሉ በሙሉ ይከፈት፣ ይቅረብም።

የፓነሉ አንዱ ድክመትም እዚህ ይታያል። ከ15 ከመቶ በታች ሲደበዝዝ በፍጥነት እየበራና እየጠፋ ስለሆነ ቪዲዮው ይሸነተራል። ብርሃን ከበዛ አታደብዝዙት፣ አርቁት፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ብርሃኑ ሩብ ይሆናል።

መጀመሪያ የተበላሸው አዳፕተሩ ነው። መብራት ሄዶ ሲመለስ ኃይሉ ከፍ ዝቅ ስለሚል ያለ ስታቢላይዘር አትሰኩት። ባትሪዎቹ አዲስ ሳሉ ሙሉ ብርሃን ላይ ሁለት ሰዓት ገደማ ይቆዩ ነበር፤ አሁን ቀንሰዋል። ማቆሚያው ቀላል ነው፣ የፕላስቲክ ማጥበቂያውም ይላላል፤ እግሩ ላይ አሸዋ የሞላ ከረጢት ካልተጫነ የሐይቁ ነፋስ ይጥለዋል። ከመጥበሻ በ1.5 ሜትር ይራቅ፤ የዘይት እንፋሎት ፊቱ ላይ ሲጋገር ብርሃኑ ቢጫ ይላል። ለስላሳ ጨርቅና ትንሽ ሳሙና ይበቃዋል። ማታ ውጭ ትንኙ ነጩን ብርሃን ይወዳል፤ 3200 ላይ ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም።

ደንበኛ ሁሉ «ከኋላ ሐይቁ ይታይ» ይላል። ቀትር ላይ ይህ ፓነል ከጣና ላይ ከሚመለሰው ብርሃን ጋር አይገዳደርም፤ ወይ ሳህኑ ይጨልማል፣ ወይ ሐይቁ ነጭ ይሆናል። ከአመሻሹ 11፡30 በኋላ ግን ሁለቱ ይቀራረባሉ።

ከተማው ከሐይቁ በስተደቡብ ስላለ ወደ ውሃው የተከፈተ በረንዳ የሰሜን ብርሃን ያገኛል፤ ቀኑን ሙሉ ለስላሳ ነው። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ብቻ የቀትር ፀሐይ ወደ ሰሜን ስለምታዘነብል ይጠነክራል። እንዲህ ያለ በረንዳ ኖሯችሁ በቀን ብቻ የምትቀርጹ ከሆነ ፓነሉን አትግዙ፤ ሁለት ነጭ ካርቶን ይበቃል። ለእራት ገበያ፣ ለዝናብ ቀንና መስኮት ለሌለው ቤት ግን ያስፈልጋል።

ያገለገለ ካገኛችሁ ሹተሩን 1/1000 አድርጋችሁ ነጭ ግድግዳ ቅረጹበት። በ10 ከመቶ ብርሃን መስመር ካሳየ ዋጋ አስቀንሱ፤ በ50 ከመቶም ካሳየ ተዉት።