ለአንበሳ አውቶቡሷ ሹፌርና ለትኬት ቆራጯ

ስማችንን እንዳትጽፍ ብለው ለምነውኛል። "ሥራችን እኮ ነው" አሉ። እሺ፣ ስም አልጽፍም። ማመስገን ግን ማን ይከለክለኛል?

እናቴ 72 ዓመቷ ነው፤ ሁለቱንም ጉልበቶቿን ያማታል። በየሁለት ሳምንቱ ከመገናኛ ወደ ለገሃር ለሕክምና እንሄዳለን። ሚኒባስ ሞክረን ነበር። አንድ እግሯ ገና መሬት ላይ እያለ ረዳቱ "ሳበው!" አለ። ከዚያ ወዲህ ታክሲ ስታይ ትፈራለች። ባቡሩም ስታዲየም ጋ የሚቆመው ድልድይ ላይ ነው፤ ደረጃው ለእሷ አይሆንም። የቀረችን አንበሳ ናት። ከ1935 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ አበባን ስትዞር የኖረች፣ እናቴንም በዕድሜ የምትበልጣት።

አንበሳ የሚገባው በኋላ በር ነው፣ ግፊያውም እዚያው። የዚያን ቀን ሹፌሩ እናቴ ዣንጥላዋን ተደግፋ ስትቆም አያት። አውቶቡሱን ቀስ አድርጎ ጎማው የእግረኛ መንገዱን ጠርዝ ሊነካ እስኪደርስ አስጠጋው። የፊቱን በር ከፈተና "እማዬ፣ በዚህ ይግቡ" አላት።

ቀላል ነገር ይመስላል። አውቶቡስ ከጠርዙ ርቆ ሲቆም ግን መጀመሪያ አስፋልት ላይ ወርደህ ነው ያንን ረጅም ደረጃ የምትወጣው። ጉልበቱን ለሚያመው ሰው ተራራ ነው። ሲጠጋልህ ከፍታው ይቀንሳል። ይኼንን ያወቅሁት ያን ቀን ነው፤ እስከዚያ ስጎትታት ነበር የኖርኩት።

ትኬት ቆራጯ ከኋላ ሆና "የፊቷን ወንበር ለእናታችን!" አለች። አንድ ጎረምሳ ስልኩን እያየ ተነሳ። ብሩን በሰው እጅ አሳልፌ ላክሁ። ትኬቱና መልሱ እየተቀባበለ ደረሰኝ፣ ሳንቲም ሳይጎድል። ትንሽ ቆይታ ደግሞ "ቦርሳችሁን ወደ ፊት አድርጉ፣ ሌባ አለ!" አለች። ሁላችንም ኪሳችንን ዳበስን።

ስትወርድ እናቴ ሹፌሩን "መንገዱን ጨርቅ ያድርግልህ" ብላ መረቀችው። ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ አግኝተናቸዋል፤ ሦስቱንም ጊዜ እንደዚያው።

አዛውንት ይዛችሁ በዚህ መስመር የምትሄዱ፣ ጠዋት 1 እና 2 ሰዓት ላይ አትሞክሩት። ከ4 ሰዓት በኋላ ሰልፉ ይቀላል። ወደ ፊተኛው በር ጠጋ ብላችሁ ሹፌሩ እንዲያያችሁ አድርጉ። ዝርዝር ብር ያዙ።

ማክሰኞ ቀጠሮ አለን። እናቴ ከአሁኑ ቆሎ ቆልታ፣ ለሁለት ከፍላ ቋጥራለች።