የደግና ክፉ ደንባቸው የተለያየ አራት የሚና ጨዋታዎች፦ የቱን እንግዛ?

የሚና ጨዋታ (እያንዳንዱ ሰው የአንድ ገጸ ባሕርይን ሚና ይዞ በጋራ ታሪክ የሚፈጥርበት ጨዋታ) በሚጫወቱ ጓደኛሞች መካከል ቶሎ ጭቅጭቅ የምታስነሳ ንግግር አለች፦ “ያንተ ገጸ ባሕርይ እንዲህ አያደርግም!” ስለዚህ የጨዋታውን የደንብ መጽሐፍ ከመግዛታችሁ በፊት ስለ ደግና ክፉ የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ማን እንደሆነ እዩ።

ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ እ.ኤ.አ. በ1974 ሲወጣ የነበሩት ወገኖች ሦስት ናቸው፤ ሕግ፣ ገለልተኛና ሥርዓት አልባ። ኋላ ደግና ክፉ ሲጨመሩ አላይመንት (የገጸ ባሕርዩ የሥነ ምግባር ወገን) ባለ ዘጠኝ ሣጥን ሆነ። ለጀማሪ ቀላል ነው። ጣጣው የሣጥኖቹ ስፋት ነው። እጁን የሰጠ ሽፍታን መግደል ፍትሕ ነው ወይስ ጭካኔ? ሁለት ሰው ሁለት መልስ ይሰጣል፣ ፈራጁ ደግሞ ታሪኩን የሚመራው ሰው፣ የጨዋታ መሪው ነው። በድሮዎቹ እትሞች ክፉ የሠራ ፓላዲን (ለእምነቱ የሚዋጋ ቅዱስ ተዋጊ) ኃይሉን ስለሚያጣ ነገሩ ይከር ነበር። ከ2014ቱ እትም ወዲህ ግን አላይመንት ጉልበት የለውም ማለት ይቻላል። ጠቡ ቀነሰ፣ ደንቡም ጌጥ ሆኖ ቀረ።

ፓዝፋይንደር በ2023 ባደሰው ሁለተኛ እትሙ አላይመንትን ጭራሽ አወጣው። አሁን የጨዋታው ዓለም አማልክት የሚያዙትና የሚከለክሉት ነገር ተዘርዝሮ ተጽፏል። ክርክሩ “ደግ ነህ ወይ?” መሆኑ ቀርቶ “ይህን ትእዛዝ ጥሰሃል ወይ?” ሆኗል። ፓላዲን ወይም ካህን መሆን የሚወድ ሰው ካላችሁ ይህን ውሰዱ።

እኔ ከሁሉም የምወደው ተጫዋቹ ደም መጣጭ ቫምፓየር የሚሆንበትን የቫምፓየር ዘ ማስከሬድን አምስተኛ እትም (2018) ነው። ቡድኑ ገና ሳይጀምር የጋራ መርሆች ላይ ይስማማል። መርህ የጣሰ ሰው ምልክት ይደረግበታል። በዕለቱ ጨዋታ ማብቂያ ላይ ለጸጸቱ ዳይስ ይጥላል፤ ካልተሳካለት ሰብአዊነቱ በአንድ ነጥብ ይወርዳል። ዜሮ ከደረሰ ገጸ ባሕርዩ ከእጁ ይወጣል። ክርክሩ የሚያልቀው ማንም ሳይናደድ፣ ገና ከመነሻው ነው። ትልቅ ነገር ነው ይሄ! ታሪኩ ግን ጨለማ ይበዛዋል፤ ቀለል ያለ ጀብዱ ለሚፈልጉ አይሆንም።

ፔንድራገን (1985) ከሌሎቹ የተለየ ነው። የተጫዋቹ ገጸ ባሕርይ የሆነው ፈረሰኛ 13 ጥንድ ጠባዮች አሉት፤ የእያንዳንዱ ጥንድ ድምር 20 ነው። ምሕረቱ 14 ከሆነ ጭካኔው 6 ነው ማለት ነው። ፈተና ሲመጣ ዳይሱ ይወስናል፣ አንዳንዴም ተጫዋቹ ያላሰበውን ያስደርገዋል። ገጸ ባሕርዬን ማንም አይነካብኝ ለሚል ሰው አትግዙለት። በራሱ ፈረሰኛ ድክመት መገረም ለሚወድ ግን ከአራቱ የሚስተካከለው የለም።