ለኤምአይቲ የዓለም አቀፍ ተማሪዎች ጽሕፈት ቤት ምስጋና

በአሜሪካ፣ ቦስተን አጠገብ ካምብሪጅ ከተማ የሚገኘው ኤምአይቲ የተባለው ዩኒቨርሲቲ በ2012 ዓ.ም. ክረምት ለልጄና ለቤተሰባችን የዋለልንን ውለታ በአደባባይ ማመስገን እፈልጋለሁ፤ ልጆቻቸውን ወደ ውጭ ለመላክ አስበው በቪዛ ወሬ ለሚጨነቁ ወላጆችም ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

በዚያ ዓመት መጋቢት ወር በኮሮና ምክንያት ተማሪዎች ማደሪያቸውን እንዲለቁ ሲደረግ ልጄ አዲስ አበባ ተመለሰ። ሰኔ 23 ቀን በአገራችን ኢንተርኔት ተቋረጠ። በሳምንቱ የአሜሪካ ኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት፣ ትምህርታቸው ሙሉ በሙሉ በኦንላይን የሚሰጥ የውጭ ተማሪዎች በአገሪቱ እንዳይቆዩ፣ ውጭ ያሉትም እንዳይገቡ የሚል መመሪያ አወጣ። እኛ ይህን የሰማነው በሬዲዮ ሲሆን፣ ኢሜይል ከፍቶ ማጣራት የሚታሰብ አልነበረም።

ቀደም ሲል የታላቅ እህቱን ጉዳይ የያዙልን ጉዳይ አስፈጻሚዎች ቅድመ ክፍያውን ከተቀበሉ በኋላ ስልክ ማንሳት አቁመው፣ ፓስፖርቷን ለማስመለስ እንኳ ደጅ አስጠንተውናል። ያ ቁስል ሳይሽር፣ ሌሎች ደግሞ ጭንቀታችንን አይተው «ከከፈላችሁ እናስገባዋለን» እያሉ መጡ።

ሐምሌ 1 ቀን ኤምአይቲ ከሃርቫርድ ጋር ሆኖ መመሪያውን በመቃወም ቦስተን በሚገኘው የፌዴራል ፍርድ ቤት ክስ መሠረተ፤ ከ200 በላይ ዩኒቨርሲቲዎችም ደገፏቸው። በማግስቱ ስልኬ ጠራ። እኛ ዘንድ ቀን 7 ሰዓት፣ በእነሱ ገና ንጋት 12 ሰዓት ነበር። የደወለችው የጽሕፈት ቤቱ አማካሪ ናት። «ኢንተርኔት እንደሌላችሁ ስላወቅሁ ነው በስልክ የደወልሁት» አለችው ልጄን። መስመሩ በተቋረጠ ቁጥር መልሳ እየደወለች፣ ማድረግ ያለበትን አንድ በአንድ በደብተር አስጻፈችው፤ ከዚያም ድምፁን ከፍ አድርጎ እንዲያነብላት ጠይቃ የተዛባች አንዲት ቁጥር አረመችለት። የሕጉን ዝርዝር እኔ ዛሬም በቅጡ አላውቀውም። ለማንም ገንዘብ እንዳንከፍልና ቲኬት እንዳንቆርጥ ግን አጥብቃ ነገረችን። በመጨረሻም «አባትህ የሚጠይቁኝ ነገር ካለ አስተርጉምልኝ» አለችው። ከትምህርቱ ይሰረዛል ወይ ብዬ አስጠየቅኋት። «አይሰረዝም፤ ቦታው የእሱ ነው» ብላ መለሰችልኝ። በዚያ ሁሉ ቀን ውስጥ የአባትን ጭንቀት ከቁም ነገር ቆጥሮ የመለሰልኝ ሰው እሷ ብቻ ናት።

ሐምሌ 7 ቀን መንግሥት መመሪያውን መሰረዙ በችሎት ሲገለጽ፣ በዚያው ምሽት ደውላ የምሥራቹን ያሰማችንም እሷው ናት።

ሳላስፈቅዳት ስሟን አልጽፍም፤ እግዚአብሔር ውለታዋን ይክፈላት። ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ እዚያ የመማር ዕድል ካገኘ ሳትሰጉ ላኩት። ሌላ ዩኒቨርሲቲ የምትመርጡም ብትሆኑ፣ ስለ ሕንፃውና ስለ ስሙ ከመጠየቃችሁ በፊት ለውጭ ተማሪዎች የቆመ ጽሕፈት ቤት እንዳለው፣ በችግር ጊዜም ተማሪውን ፈልጎ የሚያገኝ ሰው እንዳለበት አጣሩ። አንድ ነገር ሲያሳስባችሁ ለጉዳይ አስፈጻሚ ከመክፈላችሁ በፊት ልጃችሁ በቀጥታ አማካሪውን ያነጋግር፤ እኛ ለዚያ ሁሉ እርዳታ አንዲት ሳንቲም አልተጠየቅንም።