ባህር ዳር ያላችሁ ፖከር ተጫዋቾች ብራችሁን ያዙ፣ የ"ስታት ትንታኔ" የሚባለው ነገር አያዋጣም

ሰላም ወገን፣ እዚህ ባህር ዳር በስልክ ፖከር በምንጫወተው ልጆች መሀል ሰሞኑን የሚዞር ቢዝነስ አለ። ልጁ ሐይቁ ዳር ካፌ ቁጭ ብሎ "አጨዋወትህን ላንብብልህ" ይላል፣ 1,200 ብር በቴሌብር ታስገባለህ፣ ስትጫወት አፑ የሚያወጣልህን የሴሽን ስታት (የዛን ጨዋታ ቁጥሮች) ስክሪንሾት አርገህ ትልክለታለህ፣ ከዛ በቮይስ "ሉዝ ነህ" (ብዙ ካርታ ትጫወታለህ) ወይ "ታይት ነህ" (ጥቂት መርጠህ ነው የምትገባው) ይልሃል፣ አለቀ። ቀጥሎ ደግሞ የ3,000 ብር "ማስተካከያ" ይመጣል። በተለይ ፔዳና ፖሊ ግቢ ያላችሁ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ተጠንቀቁ፣ የሚያጠምደው እናንተን ነው።

አባይ ማዶ ያለ ጓደኛዬ የላከለትን ስክሪንሾት አየሁት። 62 ሃንድ (ዙር) ነው፣ ፍሎፕ (መሀል የሚገለጡትን የመጀመሪያ ሶስት ካርታዎች) ያየው 24 ጊዜ፣ 39 ፐርሰንት። በዚች ቁጥር ብቻ "ያገኘኸውን ካርታ ሁሉ ነው የምትጫወተው" ተባለ። ግን እዛው ከስር ያለውን መስመር ለምን አላነበበለትም? ቢግ ብላይንድ (ካርታ ሳያይ ሙሉ መነሻ ብር ማስገባት ግዴታው) ሆኖ ከ12 ጊዜ 9፣ ስሞል ብላይንድ (ግማሹን የሚያስገባው) ሆኖ ከ12 ጊዜ 6፣ ከሌላ ቦታ ሁሉ ደግሞ ከ38 ጊዜ 9 ብቻ፣ 24 ፐርሰንት ማለት ነው። ቢግ ብላይንድ ላይ ማንም ሬይዝ ካላረገ (ብር ካልጨመረ) ቼክ ብለህ (ሳትጨምር አልፈህ) በነፃ ፍሎፕ ታያለህ፣ ብሩ አስቀድሞ ገብቷል፣ ሳትፈልግም ታየዋለህ ማለት ይቻላል። ስሞል ብላይንድም ግማሹን ከፍሎ ስለሆነ ብዙ ሰው ይሞላል። ቴብሉ ላይ ደግሞ አምስት ሰው ነበር፣ ብላይንዱ ቶሎ ቶሎ ይዞራል፣ ስለዚ 39ኙን ያሳበጡት ብላይንዶቹ ናቸው። በአምስት ሰው ቴብል 24 ፐርሰንት ሉዝ አይባልም፣ ዘጠኝ ሰው ቢሆን ኖሮ ሌላ ወሬ ነበር።

ደሞ "ፍሎፕ አየ" የሚለው ቁጥር ራሱ ጎደሎ ነው። ሬይዝ አርገህ ሁሉም ፎልድ ካሉ (ካርታቸውን ጥለው ከወጡ) ፍሎፕ የለም፣ አይቆጠርልህም። ኮል ብለህ (እኩል ከፍለህ) ሰው ሬይዝ ሲያረግብህ ከወጣህም ብርህ ሄዷል ግን አይቆጠርም። ለዚህ ነው የሚያውቁት ሰዎች ቪፒፕ የሚባለውን የሚያዩት፣ በፈቃድህ ብር ያስገባህበትን ብቻ የሚቆጥር ስለሆነ፣ የቢግ ብላይንድ ነፃ ቼክ እዛ ውስጥ አይገባም። ከሱ ጎን ደግሞ ፍሎፕ ሳይወጣ ስንቱን ሬይዝ እንዳረክ ያያሉ፣ 24 ፐርሰንት ሆኖ ሁሉንም ኮል ብቻ የሚል ሰውና አብዛኛውን በሬይዝ የሚገባ ሰው አንድ አይደሉም። ልጁ ይሄን ጠይቆ አያውቅም።

ዋናው ግን የሃንዱ ማነስ ነው። ከ60 ሃንድ 25 ፐርሰንት ከወጣልህ እውነተኛ ልማድህ 14ም 36ም ሊሆን ይችላል፣ አንዱ ድንጋይ ነው ሌላው ቁማርተኛ፣ ሁለቱም በዛች ስክሪንሾት ውስጥ ይገባሉ። 1,000 ሃንድ ሲሆን ነው ልዩነቱ ወደ 22 እና 28 የሚጠበው። እጅህ ላይ ጥንድ (ሁለት ተመሳሳይ ቁጥር) ካርታ በአማካይ ከ17 ሃንድ አንዴ ነው የሚመጣው፣ ስለዚ በአንድ ማታ ሰባቴ ሊመጣልህ ይችላል፣ ያኔ ሉዝ ትመስላለህ፤ አንዴ ብቻ ሲመጣ ደግሞ ታይት። አንድ ከሰዓት ወደ ዘጌ ስትሻገር ማዕበል ገጥሞህ ጣና ሁሌም እንዲህ ነው እንደማለት ነው። "ሾውዳውን ላይ 60 ፐርሰንት አሸንፈሃል" የሚለውማ (ሾውዳውን መጨረሻ ላይ ካርታ ሲገለጥ ነው) ያስቃል፣ ከአምስት ሶስት ነው እኮ!

ለማንኛውም በነፃ የሚሰራ ነገር ልንገራችሁ፣ ስልካችሁ ኖት ላይ የየሴሽኑን ቁጥር ጻፉ፣ ብላይንድ ላይ ያለውን ለብቻ፣ የቀረውን ለብቻ፣ ስንት ሰው ቴብሉ ላይ እንደነበረም ጨምሩበት፣ ሃንዱ ሺዎች ሲገባ ደምሩት። ኮምፒውተር ላይ የሚጫወት ካለ ደግሞ ፖከር ትራከር የሚባል ሶፍትዌር አለ፣ ይሄኛው ግን በነፃ አይደለም፣ ቪፒፑን ራሱ ያወጣል። አሁንም ልክፈል የሚል ካለ ግን ከመክፈሉ በፊት "ብላይንዱን አውጥተህ ነው የቆጠርከው?" ብሎ ይጠይቀው። ጓደኛዬ ጠይቆት "አንተ ገና ጀማሪ ነህ አይገባህም" ብሎ የ3,000ውን ላከለት።