ቱሉ ዲምቱ ያለችው ትንሿ ቤተ መጻሕፍት

አራት ኪሎ ያለው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት በ2014 ሲከፈት ደስ ብሎኝ ነበር። ግን ከቱሉ ዲምቱ አራት ኪሎ ለመድረስ የታክሲው ሰልፍ ብቻ ቀኑን ይበላዋል። ስለዚህ የሰፈራችንን ሞከርኩ።

ዶሮ ርባታ ልጀምር ነው። ፈንግል ስለሚባለው የዶሮ በሽታ ክትባት አንዱ የቴሌግራም ቻናል በውሃ ስጡ ይላል፣ ሌላው በዓይን ጠብታ። ግራ ገባኝ። የቤተ መጻሕፍቷን ሠራተኛ «እትዬ፣ የቱን ልመን?» አልኳቸው። ኮምፒውተር እንኳ ሳይነኩ «ዶሮ 636.5 ላይ ነው፣ ና» ብለው የመጽሐፉን ምድብ ቁጥር በቃላቸው ጠርተው መደርደሪያው ጋ ወሰዱኝ። ለካ ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ኤች ቢ ዋን የሚባለው የፈንግል ክትባት በዓይን፣ ላሶታ የሚባለው በውሃ። «መጽሐፉ የቆየ ነው፤ የመኖ ዋጋውን እንዳታምን» ብለውም አስጠነቀቁኝ።

ዋይፋዩ ቀልድ ነው። ወንበሩ ወገብ ይቆርጣል። ቅዳሜ ከሰዓት መዝጋታቸው ግን ጭራሽ አልገባኝም። እኛ ሥራ የምንውለው መቼ እንምጣ?